እንጥል ቆራጩ ሳይደርስ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ እልፍነሽ፣ መርሳ

እንዴት ከርመሻል? እማዬስ? ጾሙ ጉልበቷን አልጎዳትም? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው።

«ራዲዮ ጣቢያ ገብተህ ደግሞ መናገር ትማራለህ? ሁለት ዓመት ሳይሞላህ ጀምረህ መች ዝም አልክና» ብለሽ ስቀሽብኛል። እኔም የመጀመሪያው ቀን ስቄ ነበር። አስተማሪያችን አቶ ሞገስ ይባላሉ፤ ዜና አንባቢውንም ዘፋኙንም አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያስተምሩት። ወለሉ ላይ በጀርባችን አስተኝተው ሆዳችን ላይ መጽሐፍ አስቀመጡና «ደረታችሁን ተዉት፣ መጽሐፉን አንሱልኝ» አሉን። ትንፋሽ ከሆድ ሲነሳ ጉሮሮ አይደክምም፤ ሰው የሚጮኸው ትንፋሹ ሲያልቅበት ነው ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የቃልን ጫፍ አለመዋጥ ነው። እኔን ደግሞ «እናንተ ወሎዬዎች ዜናውንም ታዜሙታላችሁ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከጥር ሠርግ ወዲህ ድምፄ ሻክሮ ቀረ ያልሽውን ነገርኳቸው። «ስንት ሠርግ ላይ ዘፈነች?» ሲሉኝ ከውርጌሳ እስከ ሐራ የተዳረ ሁሉ በአንቺ ነው የተዳረው አልኳቸው። ጉሮሮሽ በጩኸት ቆስሏል፣ መድኃኒቱ ዝምታ ነው አሉ። ሹክሹክታም ክልክል ነው፤ ከመናገር ይብሳል። ጾሙን ሙሉ ዝም በይ። ለብ ያለ ውሃ ጠጪ፣ ወደ ገበያ ስትወጪ ከአቧራው አፍሽን በነጠላ ጠቅልይ።

እማዬ የጠየቀችኝን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። ለጊዜው ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ አዳነ


መርሳ፣ የካቲት 28 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዳንዬ

ደብዳቤህን ሾፌር ፈንታው እጄ ላይ አኖረልኝ። «ወንድምሽ ከስቷል» አለኝ። አልከሳሁም ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ ፈንታው አውቶቡስ እየነዳ መንገድ ዳር ያለችውን ዶሮ ሳይቀር የሚያይ ሰው ነው።

እሺ ብዬ ዝም አልኩ። ቀላል መስሎህ ነው የነገርከኝ? ገበያ ላይ ጨው ስገዛ በጣቴ አሳያለሁ፤ ሻጩ ደንቆሮ የሆንኩ መስሎት እሱ ይጮህብኛል። ግን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ጠዋት ስነሳ አንድ ቀን ብቻ ልሞክረው ብዬ ዜማ ሳነሳ ምንም አይመጣም። አየር ብቻ ነው የሚወጣው። ከባሌ ቤት ከወጣሁ ወዲህ የምበላው በዚች ድምፅ ነው፣ ታውቃለህ። በዚያ ላይ በግንቦት የደሴ የሙዚቃ ክፍል ሰዎች ወልድያ መጥተው ዘፋኝ ይፈትናሉ ተብሏል። ስሜ ተመዝግቧል። እንዲህ ሆኜ ፊታቸው ብቆም ምን እላቸዋለሁ?

እማዬ «እንጥልሽ ወርዶ ነው» ትላለች። ጉሮሮዬ ውስጥ የተንጠለጠለችው ሥጋ ናት ድምፄን የዘጋችው፣ ትቆረጥ ባይ ናት። እኔ ሳቅሁባት፣ ያው ያለ ድምፅ።

ማታ ማታ ኑርሁሴን ሻይ ቤት በር ላይ ቁጭ ብላ ራዲዮ ትሰማለች። ዜና አንባቢው ሲጀምር ለመንገደኛው ሁሉ «ልጄ ነው» ትላለች። ረሂማ ነጋዴዋ እንኳን «እንዲህ ጎርነን ብሎ ነበር እንዴ አዳነ?» ብላ ጠይቃኛለች። አንተው ነህ አይደል? እማዬ የጠየቀችህ ይህንን ነው፤ አልመለስክልንም።

እህትህ እልፍነሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 10 ቀን 1964 ዓ.ም.

እታለም

ሰላምታዬን ለሁላችሁም አካፍይ። ደብዳቤሽን ከሥራ ስወጣ ተቀብዬ እመንገድ ላይ አነበብኩት፤ እንጥል የሚለው ጋ ስደርስ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት።

እለምንሻለሁ፣ እንዳታስነኪ። ሳቅሁባት ብለሽ ነገሩን አትተይው፣ እማዬ ነገር ይዛ እንደማትለቅ ታውቂያለሽ። ድምፅ የሚሠራው እንጥል ዘንድ አይደለም፤ ከሱ በታች ጉሮሮ ውስጥ ነው፣ እጅሽን አንገትሽ ላይ አድርገሽ ስታንጎራጉሪ የሚንቀጠቀጠው ቦታ። የሻከረው እሱ ነው። እንጥሉ ቢቆረጥ ሻካራው አይለቅሽም፣ ሌላ ጣጣ ነው የሚመጣብሽ። ምን ጣጣ እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ብቻ አውቃለሁ።

አሁን ዝም ካልሽ ሰንብተሻል። ማታ ከመተኛትሽ በፊት አፍሽን ዘግተሽ ትንሽ ብቻ «እምም» በይ። ከንፈርሽን ካሳከከሽ ልክ ነው፤ ጉሮሮሽን ካሳከከሽ ተይው። ከዚያ በኋላ እንደሚያዛጋ ሰው አፍሽን ከፍተሽ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ቀን ቀን ግን ማንንም አታናግሪ፣ እማዬንም ቢሆን። አቶ ሞገስ አንዲት ድምፅዋ የጠፋባት ዘፋኝ በዚህ ዓይነት እንዳዳኑ ነግረውኛል። ያውም ከአንቺ የባሰች።

ስለ ራዲዮው በደብዳቤ የሚሆን ነገር አይደለም።

አዳነ


መርሳ፣ መጋቢት 24 ቀን 1964 ዓ.ም.

አዳንዬ

ያዘዝከኝ ዝምታ ሊያስገድለኝ ነው። እማዬ በሳምንቱ «ተናገሪ እንጂ» አለች፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በእጄ ያንተን ደብዳቤ አሳየኋት፤ እሷ ማንበብ የት ታውቅና። በሁለተኛው ሳምንት ማልቀስ ጀመረች። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ልጅቷ ተለጉማለች እያለ ነው። ጠበል ወስደውኝ ነበር። ውሃው ሲወርድብኝ ጮኼ እንደምናገር ጠብቀው፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ዝም ስል እማዬ እዚያው ተቀመጠች፣ መነሳት አቃታት። ያኔ ልናገር ነበር፤ የምሬን ስሞክረው ደግሞ ድምፁ ባይወጣስ ብዬ ፈራሁና ተውኩት።

ልጄ ዲዳ ልትሆን ነው ብላ ሐራ ድረስ ሰው ላከች። አቶ ይርጋ የሚባሉት እንጥል ቆራጭ፣ ታስታውሳቸዋለህ፣ ያንተን የቆረጡት ናቸው። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ፣ እመጣለሁ ብለዋል።

እማዬን በምን ልመልሳት? አንድ ነገር ይዛለች። ልጆች ሳለን ያንተን ሲቆርጡ እኔ እግርህን ያዢ ተብዬ ደሙን ሳይ ለቅቄህ ውርጌሳ አክስታችን ቤት ድረስ በሩጫ ሸሸሁ፤ የኔ የቀረው በዚያ ነው። እና እማዬ ምን ትላለች መሰለህ፣ «የተቆረጠው ልጄ በራዲዮ ለንጉሠ ነገሥቱ አገር ሁሉ ይናገራል፣ የሸሸችው ተዘጋች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይምጣልኝ?»

እኔም አዳንዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ወደዚያው እያጋደለ ነው። ማታ ማታ «እምም» እላለሁ፣ ከንፈሬን ያሳክከኛል፣ ግን ይሄ ዘፈን አይሆንም። ፈተናው እየቀረበ ነው። አንተ ደግሞ «አውቃለሁ» ብቻ ትለኛለህ። ምኑን ነው የምታውቀው? ያንተው ተቆርጦ አይደል እንዴ የተሳካልህ?

እልፍነሽ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

እታለም

እንኳን አደረሳችሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በፋሲካ ዋዜማ ነው፤ የበላሁት አልጣመኝም። ይህን ፈንታው ነገ ማለዳ ይዞልሽ ይነሳል። ከሰኞ በፊት ይደርሳል ብሎ ምሎልኛል።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢላት። ዝምታውን ለሷ ስትይ ፍችው። ለሌላ አንባቢ እንዳትሰጪ፤ ጎረቤት በእማዬ ላይ አፉን እንዲከፍትባት አልፈልግም። እንዳትጮሂ ብቻ። ቁጭ በይ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፣ አጠገብሽ ላለ ሰው በሚበቃ ድምፅ አንብቢው።

እማዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማታ ማታ ሻይ ቤት በር ላይ የምትሰሚው ሰው እኔ አይደለሁም። የጎጃም ልጅ ነው፣ ከኔ ቀድሞ የገባ። እኔ እስከ ዛሬ በራዲዮ አንዲት ቃል አላነበብኩም። አይደለሁም ብዬ ያልጻፍኩልሽ ደስታሽን መንካት ፈርቼ ነው።

የማላነብበትን ምክንያት ልንገርሽ። አስተማሪዬ ቀዝቃዛ መስተዋት ከአፍንጫችን ሥር እየያዙ «በቆሎ፣ ገበያ፣ ቆላ» አስባሉን። የጓደኞቼ መስተዋት ጠርቶ ቀረ። የኔ ደመነ። አፌን አስከፍተው በባትሪ አዩና «እንጥልህን ማን ቆረጠው?» አሉኝ። ሰው ሲናገር ላንቃው በስተኋላ ተነስቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን በር ይዘጋል፤ የኔ ከእንጥሉ ጋር አብሮ ተቆርጦ ጠባሳ ስለያዘው ደህና አድርጎ አይዘጋም። ትንፋሼ በአፍንጫዬ ያመልጣል። እናንተ አብራችሁኝ ስለኖራችሁ አትሰሙትም፤ ማይክሮፎን ግን ይሰማዋል። ሁሉ ቀን እለማመዳለሁ። በዚህ ወር መጨረሻ ይፈትኑኛል፤ ካልሆነልኝ ወደ አገርህ ተመለስ ይሉኛል። በዚህ ፍርሃት ነው የከረምኩት።

እማዬ፣ ልወቅስሽ አይደለም። ጉሮሮዬን አሞኝ መዋጥ አቅቶኝ ነበር፤ ልጄ ይትረፍ ብለሽ ነው ያደረግሽው። እትዬ እልፍነሽን ግን ተያት። የሷ በር ደህና ነው። ዝም ያለችው እኔ ዝም በይ ብያት ነው፤ ዲዳ አልሆነችም። ይሄው፣ አሁን የምትሰሚው ድምፅ የሷ ነው።

ልጅሽ አዳነ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1964 ዓ.ም.

እታለም

ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ፈንታው እስካሁን አልተመለሰም። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ብጠይቅ መኪናው ደሴ ላይ ተበላሽቷል ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ረሂማን መርካቶ አገኘኋት፣ ዕቃ ልትገዛ መጥታ። አንቺን ስጠይቃት ዓይኗን ሰበረች። «ሰኞ ማለዳ ስወጣ አየኋት፤ አገጯን በነጠላ ጠቅልላ ቁጭ ብላለች፣ አትናገርም። እናትህ አጠገቧ ታለቅሳለች። አላህ ያሽራት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማኋትም።

ተቆርጠሽ ከሆነ ንገሪኝ። አልቆጣም። የፈላ ውሃ አብርደሽ በጨው ተጉመጥመጪ፣ ትኩስ ነገር አትቅመሺ፣ ደም ካልቆመ ወልድያ ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ ሂጂ። መጻፍ ካቃተሽ ወረቀቱን ባዶውን ላኪልኝ፣ በሕይወት መኖርሽን ልወቅበት።

አዳነ


መርሳ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1964 ዓ.ም.

አዳንዬ

አለሁ። አልተቆረጥኩም። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ቀስ ብለህ እንድታነበው ነው።

ረሂማ ያየችኝ እውነት ነው፤ ነጠላው አንተው ከአቧራ ተጠቅለይ ያልከኝ ነው፤ እማዬም ታለቅስ የነበረው ፈርታ ነው። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፣ ፈንታው የለም፣ መልስህ የለም። አንተም ተውከኝ ብዬ ነበር። አቶ ይርጋ ደረሱ፣ ውሃው ፈላ፣ ጨው ቀረበ፣ ምላስ መጫኛውን ማንኪያ በጨርቅ ጠቀለሉት። እኔም አፌን ልከፍት ጭንቅላቴን እማዬ ጭን ላይ አኑሬ ነበር። በገዛ ፈቃዴ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። የመኪና ጡሩንባ ሰማሁ። ፈንታው መንገደኞቹን መኪና ውስጥ ትቶ ግቢያችን ድረስ በሩጫ መጥቶ ነበር፣ ፊቱ ግራሶ በግራሶ።

ደብዳቤህን ሰጠኝ፤ ቀና ብዬ ገለጥኩት። ድምፅሽን አውጥተሽ የሚለው ጋ ስደርስ ከበደኝ። የመጀመሪያው ቃል አልወጣም። እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ፣ እንዳልከኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ምን እንደወጣ እኔ አላስተዋልኩም፤ የጻፍከው ነገር አስጨንቆኝ እሱን ብቻ ነበር የማየው። ልጅሽ አዳነ የሚለውን ጨርሼ ቀና ስል አቶ ይርጋ «አንቺ፣ ድምፅሽ አለ እኮ» አሉ። እውነትም ነበር። ትንሽ ነው፣ ግን አልሻከረም። እማዬ ግን ድምፄን አልሰማችውም። ያንተን ነበር የምትሰማው።

አቶ ይርጋ «በአፍንጫው ነው ያልሽው?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው። «አባቴ ያስተማረኝ ነው፣ እኔ መድኃኒት ብዬ ነው የያዝኩት» አሉና ዕቃቸውን ጠቅልለው ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ። እማዬ ልትሸኛቸው አልተነሳችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ቤቱ በር ላይ አትቀመጥም፤ ኑርሁሴን «አሟት ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ትናንት ማታ ብቻ «ጻፊልኝ» አለችኝ። የምትልህ ይኸው ነው፣ አልጨመርኩም፦

«ልጄ፣ ጭንቅላትህን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስትወራጭ አጥብቄ ነው የያዝኩህ። ያ ነገር ተመልሶ ይበቅላል ወይ? አስተማሪህን ጠይቅልኝ።»

እልፍነሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬና ለእታለም

ደብዳቤያችሁን ደጋግሜ አነበብኩት። እንኳን ተረፍሽ እታለም፤ ፈንታውን ሳገኘው አገላብጬ ስሜዋለሁ።

እማዬ፣ አይበቅልም። ልዋሽሽ አልፈልግም። አቶ ሞገስን ጠየቅኋቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። ግን «የቀረህን ሥጋ ሥራ እናስተምረዋለን» አሉ። በየቀኑ አዛጋለሁ፣ ላንቃዬ መነሳት እንዲለምድ። ውሃ ውስጥ በመቃ እነፋለሁ፣ በመጀመሪያ አፍንጫዬን ይዤ፣ ከዚያ ለቅቄ። ረጅሙን አረፍተ ነገር ቆርሼ በመሃሉ ትንፋሽ እወስዳለሁ፤ ሲደክመኝ ነው የሚያመልጠኝ። መስተዋቱ አሁንም ይደምናል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ፈተናውን አላለፍኩም፤ ግን አልጣሉኝም። እስከ ሰኔ ጨምረውልኛል። ምናልባት አንዲት ማስታወቂያ ያስነብቡኝ ይሆናል። መቼ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እንዳታፍሩብኝ እፈራለሁ።

እታለም፣ ወልድያ ስትቆሚ ትከሻሽን ጣይው። ሰው በዛ ብለሽ ድምፅ አትጨምሪ። መጽሐፉን አስቢው።

አዳነ


መርሳ፣ ሰኔ 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

አዳንዬ

አልነግራችሁም አልክ፣ እኛም ሰማንህ።

መጀመሪያ የኔን ልጨርስ። ወልድያ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከፊቴ የነበረችው ልጅ የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ጮኸች፤ እኔም እንደሷ ካልጮህኩ አይሰሙኝም ብዬ ፈራሁ። አምባሰል አዚሚ አሉኝ። ትከሻዬን ጣልኩ፣ ከሆዴ ጀመርኩ። በመሃል አስቁመው «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ፤ «በፖስታ ነው» ብላቸው የቀለድኩ መሰላቸው። በመስከረም ደሴ ነይ ብለውኛል። ፍርሃቱ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ጠዋት ስነሳ ከመታጠቤ በፊት ድምፄ መኖሩን አያለሁ።

አሁን ያንተን። ትናንት ማታ እማዬን እንደምንም ሻይ ቤቱ ድረስ ይዣት ወጣሁ፣ ትንሽ ሰው ትይ ብዬ። እንደ ድሮው በር ላይ ተቀመጠች። ዜናው አለቀ፣ ያ የጎጃሙ ልጅ ጨረሰ፣ ቀና ብላም አላየችው። ከዚያ ስለ ወባ ርጭት አንድ አጭር ማስታወቂያ መጣ። እኔ እንኳን አላወቅሁህም፤ ቃሉ ጥርት ብሎ፣ ጫፉ ሳይዋጥ፣ የከተማ ሰው ሆነህ። ኑርሁሴን «ይሄ ደግሞ ጉንፋን ይዞታል» ብሎ ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

እማዬ ተነሳች። ጉልበቷን ሳትይዝ ነው የተነሳችው። «አትንካው፣ ልጄ ነው» አለችው። አንተ እስክትጨርስ እጇን ራዲዮኑ ላይ ጭና ቆመች። ሲያልቅ ኑርሁሴን «በምን አወቅሽው? ያኔም ሌላውን ልጄ ነው ስትይን ነበር» አላት።

«ያኔ መስሎኝ ነው» አለችው። «ይሄ ግን እሱ ነው። በአፍንጫው የምታመልጠዋን ትንፋሽ አልሰማሃትም? እሷን የከፈትኳት እኔ ነኝ።»

እህትህ እልፍነሽ